በየማለዳው የለካነው ክንድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በጥቅምት፣ ለሥራ ወደ ጃናሞራ ወረዳ፣ መካነ ብርሃን ወጥተን በነበረ ጊዜ ነው። «የደረሰብኝ» ማለቴም ያሳፍራል፤ የደረሰውስ በሌላ ሰው ላይ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። ይህን የምጽፈው ሰው አይዞሽ እንዲለኝ ብዬ አይደለም። አይዞሽ ባይማ ሞልቶኛል። የነገርኩት ሰው ሁሉ «አንቺ ምን አጠፋሽ?» ነው የሚለኝ። ያጠፋሁትን እኔ አውቀዋለሁ።

ነርስ ነኝ። ጎንደር ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ እዚያው እሠራለሁ። ያን ጊዜ በደም ሥሮች ላይ ጥናት በሚያደርግ አነስተኛ ቡድን ውስጥ ገብቼ ነበር። የጥናቱ ነገር ሲያስረዱት ቀላል ነው። የሰው ክንድ በግፊት መለኪያው ማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ ለጥቂት ደቂቃ ይታሰርና ድንገት ይለቀቃል። ታግዶ የቆየው ደም ተንደርድሮ ሲመጣ ጤነኛ የደም ሥር ሰፋ ብሎ ያሳልፈዋል። ግፊት ወይም ስኳር ወይም ሲጋራ የጎዳው የደም ሥር ግን ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ አይሰፋም። በኋላ ልብና አንጎል ላይ የሚመጣው ጣጣ አስቀድሞ የሚያቆጠቁጠው እዚያ ነው። እኛም ይህን በአልትራሳውንድ እያየን፣ የከፍተኛ ደጋ ሰው የደም ሥር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ነበር የወጣነው።

ሦስት ነበርን። የቡድኑ መሪ ዶክተሩ፣ እኔና ሾፌራችን ጋሽ ሞላ። ዶክተሩ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እኔ የሱ ተቃራኒ ነኝ። እናቴ «ያንቺ ምላስ ካንቺ ቀድሞ ነው የተወለደው» ትለኛለች። ጋሽ ሞላ ደግሞ እንደ ትክል ድንጋይ የጠነከረ ሰው ነው። ዕድሜው ከሃምሳ አለፍ ብሏል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ የኔን ጭን የሚያክል ነው። ሁለት ሰው የሚያነሳውን ጄኔሬተር እሱ ብቻውን ይሸከመዋል። ስለ ጤና ከተነሳ ሁልጊዜ ምሳሌ የምናደርገው እሱን ነበር። «ጥናቱን በጋሽ ሞላ ብንጀምረው፣ አገሩ ሁሉ ጤነኛ ነው ብለን በጨረስን» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

መካነ ብርሃን የደረስን ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቀበሌው አንድ ሰፊ ክፍል ሰጠንና አልጋና ወንበር አዘጋጀን። በማግሥቱ ማለዳ ሰው ተሰበሰበ። ለምርመራው ባዶ ሆድ ስለሚያስፈልግ እህል ሳይቀምሱ ኑ ብለናቸዋል፤ በዚህ ማንም አላጉረመረመም። ችግር የሆነው ማሰሪያው ነው። ክንዳቸው ለዚያን ያህል ጊዜ ታንቆ እንደሚቆይ ስንነግራቸው እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ።

«ምነው? እጃችንን አስራችሁ ደማችንን ልትቀዱት ነው?» አለች አንዲት ሴት።

አንድ ቄስ ደግሞ መቋሚያቸውን ተደግፈው «ማሰሪያው ሲጠብቅ ነፍስ ብትወጣስ፣ ማን ይመልሳታል?» አሉ። ዶክተሩ በእርጋታ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሰው ግን ቀስ በቀስ ወደ በሩ ማፈግፈግ ያዘ።

ጋሽ ሞላ ጄኔሬተሩን አስቀምጦ ላቡን እየጠረገ ገባና ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። «ምን ያስፈራል? መጀመሪያ እኔን ይለኩኝ፤ እናንተ እዩ። ከሞትሁ ትቀብሩኛላችሁ» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ አልጋው ላይ ተጋደመ። ሰው ሁሉ ሳቀና ተመልሶ ከበበን። ለኛም ተመቸን። መሣሪያው በዚያ ፒስታ መንገድ ሲንገጫገጭ ስለመጣ በየማለዳው ሥራ ከመጀመራችን በፊት በአንድ ሰው ላይ መሞከር ነበረብን። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ሆነልን።

ግፊቱን ለካሁት። የላይኛው ቁጥር ሁለት መቶን ተሻገረ።

ደነገጥኩ፤ ግን ፊቴ ላይ እንዲነበብ አላደረግሁም። ዶክተሩን አየሁት። እሱም ቁጥሩን አየና በዓይኑ «አሁን አይደለም» አለኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ አፌን እያየ ነው። አሁን «ይሄ ሰውዬ አሞታል» ብል ማሰሪያው ነው ያሳመመው ብለው ነቅለው ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ፊቴን ወደ ሰዉ አዞርኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በነሱው አነጋገር «ሸጋ ነው! አያችሁ? ምንም አልሆነ!» አልኩ። ጋሽ ሞላም ተነስቶ ክንዱን እያወዛወዘ «ሸጋ ነኝ!» አለ። ቄሱ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲያ ወረፋው ተያዘ።

ከዶክተሩ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገርን። እኛ የተማርን ሰዎች ይህ አመላችን ነው፤ በሽተኛው እንዳይሰማ ስንፈልግ ቋንቋ እንለውጣለን። ዶክተሩ «ማሰሪያው ለሱ ክንድ ጠባብ ነው፤ ጠባብ ማሰሪያ ወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ከፍ አድርጎ ያነባል» አለኝ። ውሸት አይደለም፤ እኔም የተማርኩት ነው። ሰፊው ማሰሪያ አየር ስለሚያስወጣ ጎንደር ትተነው መጥተናል። ደግሞ ጋሽ ሞላ ያን ጄኔሬተር ተሸክሞ ገና መግባቱ ነበር። የደም ሥሩም ማሰሪያው ሲለቀቅ አለመስፋቱን በአልትራሳውንዱ አይቻለሁ። እሱን ደግሞ የእጄ ስህተት ነው ብዬ ወሰድኩት። የሙከራ ነውና ሁሉንም ከመሣሪያው ላይ አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ የየዕለቱ ሥራችን መጀመሪያ ይኸው ሆነ። በየማለዳው ጋሽ ሞላ ይጋደማል፣ ሰው ይከብበዋል፣ እኔ እለካለሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው፤ የደም ሥሩም ያው ድርቅ እንዳለ ነው። እኔም «ሸጋ ነው!» እላለሁ። ከሱ ቀጥሎ የሚመጡት ገበሬዎች ላይ ግን መሣሪያው እንደ ልብ ይሠራል። የደም ሥራቸው ሲሰፋ በስክሪኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ይህን ሳይ ምን አሰብኩ? መሣሪያው እስኪሞቅ ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ላይ ያስቸግራል፤ አልኩ። አልትራሳውንዱን በሆዴ ሰደብኩት። መዳሰሻውን ወለወልኩ፣ ጄሉን ለወጥኩ፣ የጄኔሬተሩን ገመድ አቀያየርኩ። መሣሪያው ትክክል ሆኖ ሰውየው ታሞ ይሆን ብዬ ማሰብ ብቻ ነው ያቃተኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ለሌላው ሰው ግን እንዲህ አልነበርንም። አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ፤ ግፊታቸው በጣም ከፍ ያለ ነበር። ለብቻቸው ወደ ጓዳ ወስደን አስቀመጥናቸው፣ ቀስ ብለን ነገርናቸው፣ ጤና ጣቢያ ሄደው መድኃኒት እንዲጀምሩ ጻፍንላቸው። አለቀሱ። በመኪናችን ያደረሳቸው ጋሽ ሞላ ነው። እኔም አብሬ ነበርኩ። መንገድ ላይ እያጽናናቸው «እናቴ፣ ምን ያስለቅስዎታል? መድኃኒት አለው እኮ። ክፉው ሳያውቁት ሲቀሩ ነው እንጂ ካወቁት ምን አለበት?» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ጠዋትም ክንዱን ለክቼ «ሸጋ ነው» ብዬዋለሁ።

ራሱን ያመው ነበር። ከሰዓት በኋላ ማጅራቱን ይዞ መኪናው ላይ ተደግፎ ሲቆም አየዋለሁ። «ሲስተር፣ ይቺን ራሴን የምታስታግሺበት ነገር አታጪም» ይለኛል፤ ማስታገሻ እሰጠዋለሁ። «ከፍታው ነው፣ ጋሽ ሞላ፤ ብርዱም አለ» እለዋለሁ። እውነትም ሁላችንንም ትንሽ ትንሽ ያመን ነበር። ሊመሽ ሲል ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ጎንደር ላለችው ለሚስቱ ሲደውል፣ ሳቁ እስከ ታች ይሰማል። የሚያወራውን ግን አዳምጬ አላውቅም።

አላሰብሁበትም ብል ደግሞ እዋሻለሁ። አንድ ቀን ሥራ ጨርሰን ዕቃ ስንሰበስብ ለዶክተሩ «ጋሽ ሞላን ለምን ተረጋግቶ ሲቀመጥ ደግመን አንለካውም?» ብዬው ነበር። «በዚህ ማሰሪያ ደግመን ብንለካው ምን እናገኛለን? ጎንደር ስንገባ በሰፊው እንለካዋለን» አለኝ። ልክ ነው አልኩ። ደክሞኝ ነበር፤ እግሬም በርዶት ነበር። ጎንደር ስንገባ የሚለው ነገር ለሁለታችንም ተመቸን።

የመጨረሻው ቀን ማለዳ እንደ ልማዳችን ለካሁት። ያን ቀን ወረፋው አጭር ነበረና ቶሎ ጨርሰን ዕቃ መጫን ጀመርን። ጋሽ ሞላ ቀኝ እጁን እያሻሸ መጣ።

«ሲስተር፣ ይቺ ማሰሪያሽ ዛሬ እጄን አደነዘዘችው። አልለቅም አለችኝ እኮ» አለኝ።

በማሰሪያው የታሰረ እጅ ይደነዝዛል፤ ሁሉም ሰው የሚለው ነው። «ትለቅሃለች፤ ዛሬ አጥብቄ አስሬህ ነው» አልኩትና እጁን ይዤ አሸት አሸት አደረግሁለት። ማሰሪያው ከተፈታ ግን ቆይቷል። እስከዚያ ድረስ ደንዝዞ የሚቆይ እጅ የለም። ይህን የማውቀው ዛሬ አይደለም፤ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ጥቂት ቆይቶ እጁ ተመለሰለትና «ለቀቀችኝ!» ብሎ ሳጥኑን አነሳ። እኔም ሳቅሁ።

ወደ ደባርቅ ጉዞ ጀመርን። እኔ ከኋላ ስቀመጥ ስለሚያጥወለውለኝ ሁልጊዜ ጋቢና ከሱ ጎን ነኝ። ዶክተሩ ከኋላ ዕቃው መሀል ያንቀላፋል። አንድ ዳገት ጀመርን። እኔ የማወራው አላጣም፤ ስለ ቄሱ አንድ ቀልድ ነገርኩት። ሁልጊዜ ከኔ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ዝም አለኝ። ዞር ስል ቀኝ እጁ ከካምቢዮው ላይ ተንሸራትቶ መቀመጫው ላይ ወድቋል። እሱም እጁን እያየው ነው። የሌላ ሰው ዕቃ መኪናው ውስጥ ያገኘ ይመስላል።

ማርሽ ሊለውጥ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ነበር። ማርሹ አልገባም፤ ቀኝ እግሩም ፍሬኑን መያዝ አልቻለም። መኪናው ቆመና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። በአንድ በኩል ተራራው ነው፤ በሌላው በኩል የማየው ሰማይ ብቻ ነበር። ጋሽ ሞላ በግራ እጁ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘው። እኔ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ላይ ሳብኩት። ስጮህ እንደነበር እንኳ በኋላ ዶክተሩ ነው የነገረኝ። የኋላው ጎማ ከአፈሩ ቁልል ጋር ተጋጨና ቆምን።

ፊቱ በአንድ በኩል ወርዷል። «ሁለቱንም እጅህን አንሣ» አልኩት፤ ግራው ብቻ ተነሣ። ለመናገር ብዙ ታገለ። ምላሱ ከብዶት፣ ቃሉ ተሰባብሮ የወጣው የመጀመሪያ ነገር «ይቅርታ... አስደነገጥኋችሁ» የሚል ነበር።

እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ።

እየተረዳዳን ወደ ኋላው ወንበር አሻግረን አስተኛነው። ቦርሳዬን ከፍቼ ያንኑ መለኪያ፣ ያንኑ ማሰሪያ አወጣሁ። ቁጥሩ በየማለዳው ያየሁት ቁጥር ነው። ለዶክተሩ አሳየሁት። ማሰሪያው ጠባብ ነው ያለ ሰው የለም። ማሰሪያውን ፈታሁት።

ዶክተሩ እንደዚያ ባለ መንገድ ላይ እንደዚያ ያለ መኪና ነድቶ አያውቅም። እንደምንም ነዳ። እኔ የጋሽ ሞላን ራስ ታፋዬ ላይ አድርጌ ደባርቅ እስክንደርስ የምጸልየውን ጸሎት መሀል መሀሉን እየሳትኩት ደጋገምኩት። ደባርቅ ሆስፒታል ባለሙያዎቹ ያለ የሌለውን አደረጉለትና በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ላኩን። ጎንደር ደርሰን ጭንቅላቱ በመሣሪያ ሲታይ ስትሮክ ነው አሉ፤ አንጎሉ ውስጥ ያለ የደም ሥር ተዘግቷል። የግፊቱንና የራስ ምታቱን ነገር ሐኪሞቹ ሲጠይቁ ዶክተሩ ምንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ይህን ለሱ እመሰክርለታለሁ።

ሚስቱ እትዬ የሺ ከአዘዞ እየሮጠች መጣች። ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ኮሪደሩ ላይ ስታገኘን ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ነበር። ይዤ አነሣኋት።

«ከገደል አወጣችሁልኝ! እግዜር ብድራችሁን ይክፈል! ለብቻው ቢሆን ኖሮ አሞራ ነበር የሚበላው» እያለች አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች፣ እንዲያው ለራሷ እንደምታወራ ሆና ቀጠለች። «እኔስ ራሴን አመመኝ ሲለኝ ጊዜ ፈርቼ ነበር። አባቱም በዚሁ በግፊት ነው የሞቱት። በስልክ ‹እባክህ ሂድና ታይ› ስለው ይስቅብኛል። ‹የምን መታየት ነው? በየማለዳው ዶክተርና ሲስተር ይለኩኛል፣ በየማለዳው ሸጋ ነው ይሉኛል፤ እንደኔ የታየ ሰው አለ?› ይለኛል። እኔም እሱን ሰምቼ ዝም አልሁ።»

 ዶክተሩ አንገቱን ደፋና ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ግን እትዬ የሺ እጄን ይዛኝ ስለነበር መሄጃ አልነበረኝም። «ሸጋ ነው» ያልኩት ለሕዝቡ ነበር። ቄሱ እንዲረጋጉ፣ ያቺ ሴት እንዳትሸሽ ብዬ ነው። ከሁሉም ይበልጥ አልጋው ላይ የተጋደመው ሰው ጆሮ እንዳለው ለአንድ ቀን እንኳ አልታየኝም። መቼም እሱ የኛ ሰው ነው፤ መኪናው የኛ፣ መሣሪያው የኛ፣ እሱም የኛ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጋሽ ሞላ አልሞተም። ብዙ ሰንብቶ ወደ ቤቱ ገባ። ቀኝ እግሩን እየጎተተ በከዘራ ይራመዳል፤ ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም። ንግግሩም ቀስ እያለ ነው። መኪና መንዳት ቀረ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው ሊያጽናናኝ ሲሞክር ነበር። ዶክተሩ ራሱ ተጸጽቶ ከስቷል፤ ግን አንድ ቀን «በሕጉ ካየነው እሱ የጥናቱ ተሳታፊ አልነበረም» አለኝ። እውነቱን ነው። ተሳታፊ ቢሆን ኖሮ ፈቃዱን እንጠይቀው፣ ውጤቱን እንነግረው ነበር። ተሳታፊ ስላልሆነ ያተረፈው ነገር ቢኖር አለመነገሩ ነው። ይህን ስሰማ ከማጽናናቱ ይልቅ አንገበገበኝ። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወደ ቤቴ መሄድ ትቼ ታክሲ ተሳፍሬ አዘዞ ወረድኩ።

ጋሽ ሞላ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። እትዬ የሺ ጎኑ ሆና ምስር ትለቅማለች። እንደተቀመጥኩ፣ ድፍረቱ ሳያልቅብኝ ሁሉንም ተናገርኩ። ቁጥሩን፣ ለሰዉ ያልኩትን፣ በእንግሊዝኛ የተነጋገርነውን፣ እጁ ሲደነዝዝ አሽቼ የሸኘሁትን። ስናገር ዓይኔን ከእግሬ አላነሣሁም።

 ጋሽ ሞላ በደህናው የአፉ ጎን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሰዉን... ልታረጋጊ ነው... ገባኝ። እግዜር... ይፍታሽ፣ ልጄ» አለኝ። ቃላቱ አንድ በአንድ ነው የወጡት። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ።

እትዬ የሺ ግን አላለቀሰችም፤ አይዞሽም አላለችኝም። ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀመጠችው።

«እሱ ይፍታሽ፤ ክንዱ የሱ ነው» አለች። «እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጤና ጣቢያ ያደረሳትን ሴትዮ በስልክ ነግሮኛል። ለሷ ጓዳ አስገብታችሁ ነገራችኋት። ለሱ ምነው ሳትነግሩት? ሰው አልመሰላችሁም?»

መልስ ፈለግሁ። ማሰሪያው ጠባብ ነበር ልበል? ጎንደር ስንገባ ልንለካው ነበር ልበል? ሁሉንም አስቀድሜ ተናግሬዋለሁ፤ ደግሜ ብለው ያስጠላል።  እሷም መልስ አልጠበቀችም መሰል ሰፌዷን መልሳ አነሣች። ልሄድ ስነሣ ነው የጠራችኝ።

«ግፊት መለካት ትችያለሽ አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እየመጣሽ ለኪው። ለኔ ትነግሪኛለሽ። በአማርኛ።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ሰፊውን ማሰሪያ ገዝቼ ይዣለሁ። እለካለሁ፤ እትዬ የሺ ከአጠገቤ ቆማ «ስንት ነው?» ትለኛለች፤ ቁጥሩን እስከ ጫፉ እነግራታለሁ። አመሰግናለሁ ብላኝ አታውቅም። ውኃ እንኳ ጠጪ አትለኝም። በአገራችን ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። አልቀየምባትም። ሁሉም ምን አጠፋሽ በሚልበት ዓለም ያጠፋሁትን የምታውቅ አንዲት ሰው መኖሯ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ያሳርፈኛል።

በቅርቡ ስለካው ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። መድኃኒቱ አልቆበት ለማንም ሳይናገር ለጥቂት ቀናት ሳይወስድ ቀርቷል። ጋሽ ሞላ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ያ የለመደብኝ አፌ ሊያባብለው ተሰናድቶ ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ሲመለስ ታውቆኛል። ከሚስቱ በፊት ወደሱ ዞርኩና «ጋሽ ሞላ፣ ግፊትህ ከፍ ብሏል። ጥሩ አይደለም» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ያ ጄኔሬተር ብቻውን የሚሸከም፣ ከሞትሁ ቅበሩኝ እያለ የሚቀልድ ሰው ሲፈራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በግራ እጁ ከዘራውን ያዘና «የሺ፣ ተነሽ... ሐኪም ቤት... እንሂድ» አለ።

ተከትያቸው ወጣሁ። መንገድ ላይ እንባዬ ያመልጠኝ ስለነበር ከኋላቸው ነበር የምሄደው። ያስለቀሰኝ መፍራቱ አይደለም። መካነ ብርሃን ላይ እውነቱን ነግሬ እንዲህ አስፈርቼው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜም እንዲሁ ብድግ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ያውም በሁለት እግሩ።